ያልመለስኩለት ጥያቄ

ነገር ሲወረወርብኝ ሳልመልስ የማድር ሴት አይደለሁም። ሰፈሩ «መርፌ» የሚለኝ መጋረጃ ስለምሰፋ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ቃል ለጣለብኝ ሁለት ካላነሳሁለት የበላሁት አይረጋልኝም። ስለዚህ የዛሬውን ክፍል የሚያውቁኝ ሰዎች ሲያነቡት ሳይስቁ አይቀሩም። የፍቅሬ ዕጣ አንድ ከሰዓት በኋላ በእኔ አፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና።

ታሪኩ ላይ ከመሃል ለደረሳችሁ ሰውዬውን ላስተዋውቃችሁ። ፋርማሲስት ነው። እኔ ከጫማ ጠጋኙ በላይ፣ ደረጃው ሲወጡት በሚያቃስት ፎቅ ላይ መጋረጃ እሰፋለሁ። ከፊት ለፊቴ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ባለ መስታወት በሩ የእናቱ መድኃኒት ቤት ነው። መንገዱ በሩጫ የሚሻገሩት ጠባብ መንገድ ነው፤ እናቱ ግን ባሕር አድርገውታል። ልጃቸው ዲግሪውን ግድግዳ ላይ ሰቅሏል። እኔ ደግሞ ስፌቱን ያወቅኩት የሰው መጋረጃ ፈትቼ መልሼ እየገጠምኩ ነው፤ ንባቡንም ቢሆን ማንም ፊቴ ቆሞ አላስተማረኝም።

የተዋወቅነው በአባቴ ሳል ነው። ሽሮፕ ገዝቼ መንገዱን ሳልጨርስ ከኋላዬ እየሮጠ መጣ። «እህቴ፣ ጠርሙሱን አንዴ ልየው» አለኝ፤ አየና መለሰልኝ። ማታ ሥራ ልዘጋ ስል ደረጃውን ወጥቶ እንደገና አየው። በማግሥቱም መጣ። አብራኝ የምትሰፋው ጓደኛዬ «ይሄ ሰውዬ ሽሮፑን አይደለም የሚያየው» አለችኝና እኔም ፀጉሬን በወጉ ማበጠር ጀመርኩ። ኋላ ስሰማ ለካ ሽሮፑን ነበር የሚያየው። ያን ቀን ያልተቃጠልኩት መቃጠል የለም። ነገር ግን ሽሮፑ አልቆ፣ አባቴ ድኖ፣ ጠርሙሱ ከተጣለ በኋላም መምጣቱን አልተወም። ክብሬን ያተረፈልኝ እሱ ነው።

የፋርማሲስቱ ሕመም ደግሞ እንዲህ ነው። መድኃኒቱን በትክክል ይሰጣል፤ ትክክል መሆኑንም ያውቃል። ሰውየው ከበሩ ሲወጣ ግን አንድ ሐሳብ ይመጣበታል። «ተሳስተህ ቢሆንስ? ሰውየው ቢሞትስ?» የሚያውቀው ነገር ያን ጊዜ አይጠቅመውም። እየሮጠ አውቶቡስ ማቆሚያ ድረስ ሰው ተከትሏል፤ የማያውቀውን ቤት አንኳኩቷል። እናቱ ሲጨንቃቸው ከባንኮኒው አንስተው ከኋላ ያለው ዕቃ ክፍል ውስጥ አስገቡት። ጥርጣሬው ግን አብሮት ገባ። መድኃኒት ሲያጣ ሰው ላይ ወጣ፤ እናቱ ላይ፣ ከእናቱ ቀጥሎ እኔ ላይ።

«ትናንት ስንለያይ ፊትሽ ልክ አልነበረም። ተቀየምሽኝ?» አለኝ አንድ ቀን ደረጃውን ወጥቶ ገና ትንፋሹ ሳይመለስ።

«አፌ ውስጥ ስፒል ይዤ ነበራ።»

«እውነትሽን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

«ግን ስስቅ አብረሽኝ አልሳቅሽም።»

«ስቄ ስፒሉን ልዋጠው?»

ሳቀ። የሚስቀው ከዓይኑ ጀምሮ ነው፤ እሱን ለማየት ስል ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ እቀልዳለሁ። ካውያዬን አንስቼ አንድ እጥፋት እንኳ ሳልጨርስ ድምፁ ዝቅ ብሎ ተመለሰ። «ግን አልተቀየምሽኝም?»

ጓደኛዬ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል፣ «ተቀይማሃለች፤ በቃ ተገላገል» አለችው። ፊቱ እንደ ሻሽ ነጣ። ደንግጣ ተነስታ «ቀልዴን ነው ወንድሜ፣ በሞቴ ቀልዴን ነው» ብትለውም ያን ቀን ሲሄድ ያመናት አይመስለኝም።

ከመሄዱ በፊት የመጣበትን ነገረኝ። በሳምንት አንዴ የሚያያት የሥነ ልቦና አማካሪ አለችው፤ ቤተሰቦቹን ይዞ እንዲመጣ ጠይቃዋለች።

«ታዲያ እኔ ምን ልሠራ? መስኮቷን ልለካላት?»

«ከእማዬ ቀጥሎ ብዙ የምጠይቀው ሰው አንቺ ነሽ።»

ሴት ልጅ ከዚህ የተሻለ ብዙ ነገር ይባልላታል። እኔ ግን ሲወርድ ደረጃው እያቃሰተ ሲሸኘው እየሰማሁ፣ ከእናቱ ቀጥሎ መቆጠሬ ደረቴን ሲያሞቀው ተሰማኝ።

* * *

የአማካሪዋ ክፍል መጋረጃ ጠርዙ ተንጋዶ ነበር የተሰፋው። ዓይኔን እሱ ላይ ተክዬ ተቀመጥኩ፤ ሌላ የማየው ነገር የእናቱ ፊት ብቻ ነበርና። በእኔና በእሳቸው መካከል የተቀመጠው እሱ፣ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ መሃል ቀብሯል።

አማካሪዋ ጉንፋን የያዛት፣ ቀጭን፣ ጥያቄ ጠይቃ መልሱን የምትጠብቅ ሴት ናት። «የአእምሮ ሐኪሙ ያዘዘልህ ክኒን ምን ለወጠልህ?» አለችው።

«መጀመሪያ ሆዴን ከማወክ በቀር ምንም አላደረገልኝም። ልተወው ነበር። ሐኪሙ ታገስ፣ ሳምንታት ይፈልጋል አለኝ።» አሰበ። «አሁን ድምፁን ቀንሶልኛል። ድሮ ጆሮዬ ውስጥ ነበር የሚጮኸው። አሁን ከጎረቤት ቤት እንደሚሰማ ሬዲዮ ነው። ግን ያንንም ልዘጋ ተነስቼ እሮጣለሁ።»

«ክኒኑ ድምፁን ቀነሰልህ። ሬዲዮው እየጮኸ መቀመጥን ደግሞ በልምምድ ነው የምናመጣው።» ወደ እኛ ዞረች። «እናንተ ስትመልሱለት ለጥቂት ጊዜ ያርፋል። አእምሮው ግን 'ጠይቄ ባይመልሱልኝ ኖሮ አልቆልኝ ነበር' ብሎ ይይዘዋል። ስለዚህ ተመልሶ ይጠይቃል። በመለሳችሁ ቁጥር ጥያቄው ነው የሚወፍረው።»

«እና ልጄ ሲጨነቅ ዝም ልበል?» አሉ እናቱ። «ድንጋይ ነኝ?»

«ዝም አይበሉ። አጠገቡ ይሁኑ። መልሱን ብቻ ይተዉት።»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ ይሄን የጠየቅኳት» አለ እሱ፣ ጉልበቱን እያየ።

እኛ የምንለውን ቃልም ራሱ ነበር የመረጠው። «እዚህ ነኝ፤ ግን አልመልስልህም።» አማካሪዋ እንድንሞክረው አደረገችን። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ቅድም ስትገቢ ወንበር አልሳብኩልሽም፤ ተቀየም...» ከማለቱ «ኧረ ምን ቆርጦኝ» ብዬ ዘጋሁለት። አማካሪዋ ሳቀች፤ እሱም ሳቀ። እናቱ ብቻ አልሳቁም።

«እንደገና» አለች አማካሪዋ።

ደጋግሜ ነው የቻልኩት። እጄን ማሰር ይቀለኝ ነበር።

«ቆይ እንጂ» አልኳት በመጨረሻ። «የሚጠይቀኝ ሁሉ ከሕመሙ ነው ማለት ነው? ሻይ ትጠጫለሽ ቢለኝስ?»

«ሻዩንማ ጠጪ። መልሱ የሚበቃው ጥያቄ የሰው ጥያቄ ነው። መልሱ የማይበቃው ነው የሕመሙ።» አፍንጫዋን በመሐረብ ጠረገች። «አንዳንዴ ግን እሱም አንቺም የማትለዩት ይመጣል። እሱ ይከብዳል።»

የሚቀጥለው ልምምድ ሰኞ ከሰዓት ሆነ። ባንኮኒው ላይ ይቆማል። እንደማንኛውም ባለሙያ መድኃኒቱን አንዴ ያያል፤ የቤቱ ደንብ ስለሆነ እናቱም አንዴ ያዩለታል። ከዚያ ያስረክባል። ከተረከበው ሰው ኋላ ግን መሮጥ የለም፤ የመጣው ፍርሃት ራሱ እስኪወርድ እዚያው መቆየት ነው።

እሱ ቀጠሮ ሊያስጽፍ ሲሄድ ኮሪደሩ ላይ ከእናቱ ጋር ብቻችንን ቀረን።

«ይቁም እንግዲህ» አሉኝ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አድርገው። «ሰኞ ሮጦ ከወጣ ግን ወደ እህቱ ነው የምልከው። ከተማው ሩቅ ነው፤ የሚያውቀው የለም። ያርፋል።»

«ከማን ነው የሚያርፈው፣ እትዬ?»

«ከሁሉም። ከአንቺም። ያስተማርኩት ልጅ ጫማ ጠጋኝ ደጃፍ ሲመላለስ ሰው ሁሉ አይቶታል።»

«ጫማ ጠጋኙ ታች ነው። እኔ ፎቅ ላይ ነኝ።»

«ምላስሽን ነግረውኛል።»

«ምላሴ አይደለም ልጅዎን ያሳመመው።» ከጀመርኩ አልቆምም። «ያንኑ ክኒን እኮ ለሰው ልጅ እግዜር ይማርህ እያሉ ይሸጣሉ። ለልጅዎ ሲሆን ቫይታሚን ጠርሙስ ውስጥ ገልብጠው ይደብቁታል። ሰው ሲወስደው መድኃኒት፣ እሱ ሲወስደው ነውር ነው?»

ይቆጣሉ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ዘወር ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው የእሱ ዓይን መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

«ሌላው ሲታመም ሰው አይዞህ ይለዋል» አሉ ቀስ ብለው። «የእኔ ልጅ መድኃኒት ሰጪ ነው። አእምሮውን ታሟል ከተባለ ማን ከእጁ ይቀበላል? ስድስት ዓመት የተማረው ይሄንኑ ብቻ ነው። እሱን ካጣ ምን ይሆንልኛል?»

እኔ ኩራት ብዬ ስጠላው የከረምኩት ነገር ፍርሃት ነበር። ጠላት የጠፋበት ሰው ደግሞ እጁ ባዶ ይሆንበታል፤ እንደዚያ ሆኜ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

* * *

ሰኞ በእጅ የሚሰፋ ጠርዝ ይዤ ሄድኩና የደንበኞች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ክኒኑ በገዛ ካርቶኑ፣ ከውኃ ብርጭቆ አጠገብ፣ ባንኮኒው ላይ ተቀምጧል። ማን እንዳወጣው የተናገረ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። እሱ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ ቆሟል። እንዳማረበት ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን ገና ዓይኑን ከመደርደሪያው አላነሳም።

የጥርስ ሳሙና የሚገዛ መጣ፤ ሄደ። ፕላስተር የምትገዛ መጣች፤ ሄደች። ይሄ ነው እንዴ ስል አንድ ሄልሜት በብብቱ የያዘ ወጣት አባት እየተጣደፈ ገባ። ሞተሩን በሩ ላይ አቁሟል። ልጁ ገና ጡት የሚጠባ ሕፃን ነው፤ ትኩሳት ይዞታል።

የእኔው ሰው ማዘዣውን ተቀብሎ አነበበ። ሰማያዊውን የሕፃናት ካርቶን አወረደ። አየው። እናቱ ከሒሳብ መቀበያው ተነስተው መጥተው አዩትና በጭንቅላታቸው እሺ አሉ። በጠብታ ስንት እንደሚሰጥ ላዩ ላይ ጻፈለት፤ በቃልም አስረዳው። ድምፁ የረጋ፣ ደግ ድምፅ ነበር። ትኩሳት የያዘው ልጅ ቢኖረኝ ከእሱ እጅ ነበር የምቀበለው። አባትየው አመስግኖ ወጣ።

በሩ ሲዘጋ ፊቱ ተለወጠ። የባንኮኒውን ጠርዝ ጨብጦ ጣቶቹ ነጡ።

«እማዬ፣ የሕፃናቱን ነው አይደል የሰጠሁት?»

እናቱ አፋቸውን ከፈቱ። መልሱ ምላሳቸው ላይ ነበር፤ ታየኝ። «እዚህ ነኝ፤ ግን...» አሉና ቀሪው አልወጣ አላቸው። እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «እኔ እዚህ ከቆምኩ እመልስለታለሁ» አሉና ዕቃ ክፍሉ ገብተው በሩን ከውስጥ ዘጉት። ልጃቸውን ለእኔ ትተውልኝ ሄዱ።

ከመስታወቱ ውጭ ሰውየው ሄልሜቱን ያጠልቅ ነበር።

«መርፌ።» ባንኮኒውን ዞሮ መጣ። «አንቺ አይተሻል። ሰማያዊው ነው አይደል? አዎ በይኝ ብቻ።»

አይቻለሁ። ሰማያዊ ነው። አዎ ካልኩት ባለበት ይቆማል፤ እናቱ ሲወጡ ቆሞ ያገኙታል፤ ወደ እህቱ መሄድ ይቀራል። ዝም ካልኩት በሩን ከፍቶ ይሮጣል፤ ነገ ሻንጣው ይታሰራል። አንዲት ቃል ናት የምትለያየን። ያቺን ቃል ስንት ጊዜ እንደ ከረሜላ አድዬለታለሁ። ነገር ግን ነገም ይጠይቃል፣ ከነገ ወዲያም፤ እኔም ከእናቱ ቀጥሎ የምቆም ሁለተኛ መልስ ሰጪ ሆኜ አረጃለሁ።

«እዚህ ነኝ» አልኩት። «ግን አልመልስልህም።»

የሰማኝ አልመሰለኝም። ወደ በሩ ሄደ። እጀታውን ያዘ። ሰውየው ሞተሩ ላይ ወጥቷል። ይሄው ሄደብኝ ስል ዞሮ አየኝ። ፊቱ ላይ ላቡ ችፍ ብሎ፣ ዓይኑ ግን እንደዚያ ቀጥ ብሎ አይቶኝ አያውቅም።

«ትወጂኛለሽ?» አለኝ።

እስከዚያ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ተቀየምሽኝ ይለኛል፣ ደከመሽ ይለኛል፣ ይህችን ግን አልነካትም። እኔም ሴት ነኝ፤ መጋረጃ ስቆርጥ፣ ካውያ ስጠብቅ፣ ስንት መልስ አዘጋጅቼላት ነበር። የሚያስቀውን መልስ፣ ትንሽ የሚያስለምነውን መልስ፣ ደግሞ ማንም በሌለበት ብቻ የሚባለውን። ያ ሁሉ አሁን አንድ ላይ መጣብኝ።

ግን ማን ነው የጠየቀኝ? እሱ ነው ወይስ ያ ሬዲዮ? ዓይኑን አየሁት፤ አልለየሁም። እሱም እንዳልለየው ፊቱ ነገረኝ።

ስፌቱን ወንበሩ ላይ ጥዬ ሄድኩና አጠገቡ፣ ትከሻዬ ክንዱን እስኪነካው ተጠግቼ ቆምኩ።

«ማን እንደጠየቀኝ አላውቅም» አልኩት። «አንተ ከሆንክ መልሱ የትም አይሄድም፤ ይቆይልሃል። ሬዲዮው ከሆነ ግን አልሰጠውም። ፍቅሬን ለእሱ ቀለብ አላደርገውም።»

ሞተሩ ተነሳ። እጁ እጀታውን አልለቀቀም፤ አላዞረውምም። ድምፁ መንገዱን ይዞ ራቀ፣ ከመኪኖቹ ጋር ተደባለቀ፣ ጠፋ። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ መስታወቱ ላይ ግንባሩን አስደገፈ።

«እየጨመረ ነው» አለኝ።

«ይጨምር።»

«ሕፃኑ...»

«እዚህ ነኝ።»

ልይዘው፣ ላቅፈው፣ አይዞህ ሰማያዊ ነው ልለው ያላማረኝ ቅጽበት አልነበረም። ምን ያህል እንደቆምን አልነግራችሁም፤ አላውቀውም። የማውቀው መስታወቱን ከውጭ በቀለበታቸው የሚያንኳኩ አንዲት ባልቴት መምጣታቸውን ነው። እሱ እጀታው ላይ ስለነበር ከፈተላቸው።

«እናንተ ልጆች፣ በር ላይ ተጣብቃችሁ ምን ትሠራላችሁ?»

«እየተለማመድን ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

«ለሠርጋችሁ?»

ሳቅ አመለጠው። እንባ የቀላቀለ፣ የተሰባበረ ሳቅ ነበር፤ ግን ከዓይኑ ጀመረ። «ይግቡ እናቴ» አላቸውና ወደ ባንኮኒው ተመለሰ። የደም ግፊት ክኒናቸውን አወረደ። አንዴ አየው። እናቱ ከዕቃ ክፍሉ ወጥተው አንዴ አዩት። ባልቴቷ ወጡ፤ በሩ ከኋላቸው ተዘጋ፤ እሱ እዚያው ቆመ።

«ቀለለህ?» ልለው ስል አፌን ያዝኩ። እኔም ለካ መልስ ርቦኛል።

እናቱ ዓይናቸው ቀልቷል። ወደ ሒሳብ መቀበያቸው ሄደው ተቀመጡ፤ ያልተዘበራረቀውን ወረቀት ማስተካከል ያዙ። ስለ እህቱም ስለ ሻንጣውም አላነሱም። የጣልኩትን ጠርዝ ሰብስቤ ልወጣ ስል ብቻ ቀና ሳይሉ፣ «ነገ ከሰዓት ሥራ አለሽ?» አሉኝ።

«አለኝ፣ እትዬ።»

«ይዘሽው ነያ። ወንበሩ አለ።»

ሲዘጉ መንገዱን አሻገረኝ። ጫማ ጠጋኙ ዕቃውን እየከተተ ነበር። ደረጃው ሥር ስንደርስ ቆመ።

«ያቺን ጥያቄ» አለኝ። «እኔ ልሁን ሬዲዮው፣ አሁንም አላውቀውም።»

«እኔም።»

«መልሱን እንዳትነግሪኝ። ዛሬ አይሆንም።»

«ማን ሊነግርህ።»

ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታውን ትቶ፣ ድምፁን እንደ ከሰዓቱ፣ ለሕፃኑ አባት ሲያስረዳ እንደነበረው አርግቶ፣ «እወድሻለሁ» አለኝ። «ይሄ ጥያቄ አይደለም። ምንም አትመልሺበት።»

ዞሮ ሄደ። መሃል መንገድ ላይ መኪና ሲያሳልፍ ጀርባውን አየሁት።

እኔ፣ መርፌ፣ ደረጃው ሥር ቆምኩ። «እውነትህን ነው?» ልለው፣ ተከትዬው ልሮጥ፣ ክንዱን ይዤ ያንኑ ላስደግመው አማረኝ። አንዴ ቢደግመው ያረካኝ መሰለኝ፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ አንዴ። የእሱን የቀን ውሎ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ ሰውነቴ አወቅኩት፤ አንጀቴን በላኝ።

አልተከተልኩትም። የሚያቃስተውን ደረጃ አንድ በአንድ ወጣሁ። ጓደኛዬ ፊቴን አይታ «ምን አለሽ?» ስትለኝ «ቆይ» አልኳት፤ ላካፍላት አልቻልኩም። ካውያውን ሰካሁና እስኪግል ቆሜ ጠበቅኩ፤ ያልተጠየቀው ጥያቄ ደረቴ ውስጥ ሲላወስ፣ እኔም ሳላባርረው፣ እያመመኝና ደስ እያለኝ።